«ድቅል ሬአክተር» ሲባል ምን ማለት ነው?

«ድቅል» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። በድቅል በቆሎ የሁለት ወላጆች ባሕርይ በአንዲት ፍሬ ውስጥ ይገናኛል። በድቅል ኑክሌር ሬአክተር ግን ውህደት (የቀላል አቶሞች እምብርት መጣመር) እና ክፍፍል (የከባድ አቶም እምብርት መሰንጠቅ) አይቀላቀሉም፤ አንዱ መሐል ይቀመጣል፣ ሌላው ዙሪያውን ይከበዋል።

መሐል ላይ ሁለት የሃይድሮጅን ዓይነቶች፣ ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም፣ ይዋሃዳሉ። ከአንድ ውህደት 17.6 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (በአቶም ደረጃ የኃይል መለኪያ) ይወጣል፤ 14.1 ሚሊዮኑን ይዞ የሚፈተለከው ኒውትሮን የሚባል አንድ የአቶም እምብርት ቅንጣት ነው። ዙሪያውን ዩራኒየም 238 ይጠብቀዋል። ከተፈጥሮ ዩራኒየም ውስጥ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ዝግተኛ ኒውትሮን ቢመታው አይሰነጠቅም፤ ይህ ፈጣኑ ሲመታው ግን ሊሰነጠቅና 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ሊለቅ ይችላል። እንግዲህ ውህደቱ ክብሪት፣ ዩራኒየሙ ማገዶ ነው ማለት ነው።

ድቅሉ «ከወሳኝ ነጥብ በታች» ይሠራል ሲባል ብዙ አንባቢ ይደናገራል። የዩራኒየሙ ክፍፍል አንዱ ሌላውን እያስከተለ በራሱ ሰንሰለት መቀጠል አይችልም ማለት ነው፤ ከመሐል የሚመጣው ኒውትሮን ሲቋረጥ እሱም ይከስማል።

«ስለዚህ ፍጹም አስተማማኝ ነው» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። የክፍፍል ውጤቶች፣ ማለትም የተሰነጠቁት አቶሞች ስብርባሪዎች፣ ክፍፍሉ ከቆመም በኋላ ሙቀት ይሰጣሉ። እንደ ጎርጎርሮሳውያኑ አቆጣጠር በ2011 በጃፓኑ የፉኩሺማ ኑክሌር ጣቢያ ሰንሰለቱ በመሬት መንቀጥቀጡ ወዲያው ቆሞ ነበር፤ የሦስቱን ሬአክተሮች ነዳጅ ያቀለጠው ማቀዝቀዣ ያጣው ይህ ቀሪ ሙቀት ነው። ድቅሉም ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል።