«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል»፦ ነቀፌታው ለማን ነው?

ባለፈው ወር ደብረ ማርቆስ በጽዋ ማኅበራችን ላይ፣ ትዳሩን በድሎ የተገኘ የአንድ ወንድማችን ነገር ተነሣ። እርሱ አልመጣም ነበር። ከዓመታት በፊት ያጎደለው መዋጮ ሳይቀር ተቆጠረበት። በመጨረሻ አንዱ ጠላውን ጎንጨት አድርጎ «ምን ይደረግ፣ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» አለና የራሱን ጨመረበት። ሐሜቱን ችዬ ነበር፤ ተረቱን ግን አልቻልሁም።

ያደግሁት ቡሬ አጠገብ ነው። ነሐሴ ላይ ቀዩ አፈር ውኃ ጠግቦ ሲላላ ዋንዛ በሌሊት ይወድቃል። ሲነጋ የሰፈሩ ምሳር ሁሉ እዚያ ነው። ልጆች ጭራሮውን፣ ሴቶች ቅርንጫፉን፤ ወንዶች ደግሞ ግንዱን በሽብልቅ እየፈለጡ ለቀንበር የሚሆነውን ለመዝጊያ ከሚሆነው ይለያሉ። ሁሉም በጥላው ያረፉ፣ ፍሬውን ለቅመው የበሉ ናቸው።

ተረቱ ግን የተወለደው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው ባይ ነኝ። በጎጃም የደብር ወይራና ዝግባ ቆሞ ሳለ በዋዛ አይነካም፤ መቅሠፍቱ ይፈራል። ነፋስ የጣለው ዕለት ፍርሃቱም አብሮ ይወድቃል። ይህን ያየ አንድ የቆሎ ተማሪ በምሳረኞቹ ላይ የተናገረው ይመስለኛል። እንዲህ ከሆነ የሚነቀፈው ባለ ምሳሩ እንጂ ዛፉ አይደለም።

አንድ ክረምት ከወንዛችን ዳር የወደቀውን ዋንዛ ግን አያቴ አላስነኩም። «እስቲ ቆዩ» አሉና ተንበርክከው ሥሩን አዩ። ግማሹ አፈሩን አልለቀቀም። ከባድ ከባዱን ቅርንጫፍ አቀለሉለት፣ የተገለጠውን ሥር አፈር አለበሱት፣ ግንዱን በባላ ደገፉት። ጎረቤት ሳቀ። እኔ ለትምህርት ከሰፈር ስወጣ ያ ዋንዛ ዘንበል እንዳለ ያፈራ ነበር።

ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች (6፥1) በበደል የተገኘውን በየውሃት እንዲያቀኑት ሲጽፍ የሚታዩኝ እኒያ የተንበረከኩ ሽማግሌ ናቸው። አቅኚውም እንዳይፈተን ራሱን ይጠብቅ ይላል። አያቴም ባላውን ሲያስገቡ እግራቸውን እያዩ ነበር፤ ዛፉን የጣለ ጭቃ ለሰው አይመለስማ።

የንስሐ አባቱ ስሙን እንኳ በማያነሡበት ነገር፣ እኛ ጽዋ ይዘን ተረት እንጠቅሳለን፤ ያውም ገልብጠን! የሚመጣው ወር ተረኛ እኔ ነኝ። ወንድማችንን ራሴ ሄጄ ጠርቼዋለሁ፤ ከጎኔ ይቀመጣል። ተረት ያማረው ሰው ካለ፣ እርሱ ባለበት ይተርት።