«ሃይማኖት የግል ነው፤ አገር የጋራ ነው»

በሁለት የእምነት ወገኖች መካከል ቅሬታ በተነሣ ቁጥር ሽማግሌዎች ከሚጠቅሷቸው አነጋገሮች መካከል ይህን ያህል የታወቀ የለም። በሰፊው የሚነገረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቃል እንደሆነ ነው፤ ዛሬ ግን ተናጋሪው ሳይነሣ እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር ይጠቀሳል።

አንዳንዶች «ስለ እምነትህ ዝም በል» ማለት አድርገው ይተረጉሙታል። እኔ ግን ይህ ትርጓሜ አነጋገሩን ይበድለዋል እላለሁ። ጸሎቱና ሶላቱ፣ ጾሙና ንስሐው በሰውና በፈጣሪው መካከል ያለ ጉዳይ ስለሆነ ማንም አይግባበት፤ መሬቱ፣ ዳኝነቱና ሹመቱ ግን የሁሉም ስለሆነ በእምነት አይከፋፈል ማለት ነው።

እንዲህ ማለት ለምን እንዳስፈለገ የሚያውቅ ወሎ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠርተው በተዋሕዶና በጸጋ ሊቃውንት መካከል ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የቆየውን ክርክር ለተዋሕዶ ፈረዱ። ውሳኔው ግን በሊቃውንቱ ላይ አልቆመም፤ የአገሬው ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። የወሎው ገዢ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ በኋላም ንጉሥ ሆኑ፤ የሃይማኖት መሪው ሼኽ ጦልሃ ግን አሻፈረኝ ብለው ተዋጉ። ቀን በአደባባይ ክርስቲያን መስሎ ሌሊት በቤቱ የሚሰግድም ነበር። ያ ሰው ሌሊት ብቻውን ሲሰግድ ማንንም አልከፋፈለም፤ ሕዝቡን የከፋፈለው እምነትን የታማኝነት መለኪያ ያደረገው አዋጅ ነው።

በዚያው ወሎ ተጋብቶና ተዋልዶ የሚኖረው ሕዝብ ሌላ መንገድ አበጀ። ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ ይህ ልማድ በአገራችን ጎረቤትን ከጎረቤት ገበታ ሲያርቅ ኖሯል። ስለዚህ ሠርግ ሲሆን ባለቤቱ ሁለት ከብት ያዘጋጃል፤ አንዱን ጎረቤቱ ተጠርቶ «ቢስሚላህ» ብሎ ያርደዋል፣ ሌላው «በስመ አብ» ተብሎ ይታረዳል። ምድጃው ይለያል፣ ድስቱና ጭልፋው ይለያል፤ አስተናጋጆቹም የሁለቱ ወጥ እንዳይቀላቀል አጥብቀው ይጠነቀቃሉ። ዳሱ ግን አንድ ነው፣ ዘፈኑም ምርቃቱም አንድ ነው። ማንም ከሥርዓቱ ቅንጣት ሳይቀንስ ሁሉም ጠግቦ ይሄዳል። ለእኔ የአነጋገሩ ትክክለኛ ትርጓሜ ይህ ነው።

ቃሉ የእሳቸው ነው በተባሉት ንጉሥ ዘመን የጸደቀው የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደነገገ። የግል የተባለው እምነት የመንግሥት ማኅተም ሲያርፍበት፣ የጋራ በተባለችው አገር አንዱ ባለቤት፣ ሌላው እንግዳ ሆነ፤ የሙስሊሙ በዓላትም በአገር ደረጃ አይከበሩም ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለእኩልነት የወጣው ታላቅ ሰልፍ የጠየቀው የአነጋገሩን ሁለተኛ ግማሽ ነው፤ ከሙስሊሞቹ ጎን ክርስቲያኖችም ተሰልፈው ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት የእስልምና በዓላት ብሔራዊ በዓል ሆኑ፤ የመንግሥትና የሃይማኖት መለያየትም በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 ላይ ተጻፈ።