ስለ አሮጌ የናፍጣ ባቡሮች የሚወራውና እውነታው

ጅማ ላይ የባቡር ወዳጅ መሆን ቀላል አይደለም። ፈረንጅ አራዳ ቡና አዘህ፣ ስልክህ ላይ የእንግሊዝ አሮጌ የናፍጣ ባቡር ቪዲዮ ስታይ አንዱ ከኋላ ብቅ ይልና "ይሄ ቆርቆሮ ምኑ ይታያል?" ይልሃል። ቀልዱን ለምጄዋለሁ። ከቀልዱ ጋር የሚመጡት አስተያየቶች ግን አብዛኞቹ ስህተት ናቸው። ደጋግሜ ከምከራከር አንዴ ልጻፋቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

"ሐዲድ በሌለበት ከተማ የባቡር ፍቅር? የፈረንጅ ነገር ነው"

ሐዲድ እንደሌለን እውነት ነው። ወደ ጅማ የሚመጣ መስመር በመንግሥት ዕቅድ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ከዕቅድ ግን አላለፈም። የፈረንጅ ነገር የሚለው ግን አያስኬድም። የጅቡቲው አሮጌ መስመር ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በእንፋሎት ጀመረ፣ በ1950ዎቹ ወደ ናፍጣ ዞረ፣ ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት በናፍጣ ኖረ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ነው ኤሌክትሪክ የሆነው። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ጅማ ላይ ካገኛችሁ ስለ ባቡር አንሱበትና እዩ፤ ቡናው ይቀዘቅዛል።

"ባቡር ማለት ከፊት ጎታች፣ ከኋላ ተጎታች ነው"

የጭነቱና የረጅም መንገዱ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። ሠራተኛና ተማሪ ጠዋት ማታ የሚያመላልሰው የናፍጣ ባቡር ግን አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው የቆመ ጎታች የለውም። ሞተሩ ከወለሉ ሥር ነው፤ ተሳፋሪው በቀጥታ ከላዩ ይቀመጣል። በሁለቱም ጫፍ ጋቢና አለው። መጨረሻ ጣቢያ ሲደርስ ማዞር የሚባል ነገር የለም። ሾፌሩ ወርዶ በእግሩ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፣ ይቀመጣል፣ ይመለሳል።

"ከሥራ የሚወጡት ሞተራቸው ስለሞተ ነው"

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። "ፔሰር" የሚባለውን የእንግሊዝ የናፍጣ ባቡር እንውሰድ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ ምድር ባቡር ገንዘብ አጥሮት ነበር። አሮጌዎቹን በርካሽ መተካት ስለፈለገ የከተማ አውቶቡስ ቦዲ ክፍሎችን ወስዶ የሐዲድ ሻንሲ ላይ ገጠማቸው። በኛ አገር ቢሆን ቅጥቅጥ እንለው ነበር፤ የአይሱዙ ሻንሲ ላይ ቦዲ እንደሚሠራው ማለት ነው። የመንገደኛ ፉርጎ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ አራት አክስል አለው። ፔሰር በየፉርጎው ሁለት ብቻ ነው ያለው፣ እነሱም ተራርቀው የተቀመጡ። ስለዚህ ኩርባ ላይ ብረት ከብረት እየተፋቀ ይጮኻል፤ ሐዲዱ ደህና ካልሆነ ደግሞ ፊቱን እየነቀነቀ ይሄዳል። ሰዎች "ራሱን የሚነቀንቅ አህያ" ብለው ቅጽል ያወጡለት ለዚህ ነው።

ቢበዛ 20 ዓመት ይሠራል ተብሎ የታሰበው ባቡር ከ30 ዓመት በላይ ሠራ። በመጨረሻ ያስወጣውም ሞተሩ ሳይሆን ሕግ ነው። ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ የመንገደኛ ባቡሮች ለአካል ጉዳተኞች የሚመቹ እንዲሆኑ ግዴታ መጣ። ዊልቸር የሚያስገባ በር፣ ዊልቸር የሚያስገባ መጸዳጃ ቤት፣ የድምፅ ማስታወቂያ የመሳሰለው። ያረጀውን ፔሰር ለዚህ ሁሉ ማስተካከል ወጪውን የሚያወጣ ሥራ አልነበረም። ጥቂቶቹ በልዩ ፈቃድ እስከ 2021 ተንገታገቱ፣ ከዚያ አበቃ።

እኔ ሕጉ ልክ ነው ባይ ነኝ። በዊልቸር የሚሄድ ሰው በማይገባበት ባቡር ላይ "ቅርስ ነው፣ አይነካ" ብሎ መከራከር ነውር ነው። ከባቡር ወዳጆች መካከል እንዲህ የሚል አንዳንድ ሰው አይጠፋም፤ ይቅርታ፣ በዚህ አልተባበርም።

"ወዳጆቹ ምርጥ ባቡር ነበር ብለው ያምናሉ"

ኧረ በጭራሽ። ስለ ፔሰር በጣም የሚያማርረው ራሱ ወዳጁ ነው። ነገር ግን ይህ ባቡር ሥራውን አይደብቅም። ጣቢያ ላይ ሲቆም የመስኮቱ መስታወት ከሞተሩ ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል። ሲነሳ ድምፁ ከእግርህ ሥር ይወጣል። ካምቢዮ ሲቀይር ወገብህ ያውቀዋል።

በ1950ዎቹ የተሠሩት የእንግሊዝ ባቡሮች ደግሞ ሌላ ጸጋ ነበራቸው። ከጋቢናው ጀርባ ያለው ግድግዳ ባለ መስታወት ነበር። ፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ በሾፌሩ ትከሻ በኩል ሐዲዱን፣ መብራቱን፣ እየቀረበ የሚመጣውን ዋሻ ያያል። በኋላ የመጡት ባቡሮች አብዛኞቹ ይህን ቦታ ደፍነውታል። የዚያ ትውልድ የሆነ፣ በ1960 የተሠራ ባለ አንድ ፉርጎ ባቡር ኤልዝበሪ በሚባል ከተማ በኩል እስከ 2017 ሰው ያመላልስ ነበር። ብዙ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ሊሳፈርበት የሄደው ለምቾቱ አይደለም።

"ናፍጣ የሚወድ ኤሌክትሪክ ይጠላል"

የግድ አይደለም። እንግሊዝ አገር በ1968 የእንፋሎት ባቡር ከመደበኛ አገልግሎት ሲወጣ የተረገመው ቦታውን የወሰደው ናፍጣ ነበር። የዛሬው ተወዳጅ የትናንት ባለጋራ ነው። ጭሱ ደግሞ ጭስ ነው፤ ጣቢያ ጣሪያ ሥር ቆሞ የሚያጨስ ናፍጣ ለማንም ሳንባ አይበጅም። ቪዲዮ ሽታ ስለሌለው እኛ የጅማዎቹ ተገላግለናል።

"ከወጣ በኋላ ቁርጥራጭ ብረት ነው"

ብዙው በእርግጥ ይቆራረጣል። ሁሉም ግን አይደለም። የመጀመሪያው የፔሰር ዓይነት ከሆኑት የተወሰኑት ወደ ኢራን ተልከዋል። ጃፓን ከ1977 እስከ 1982 ከሠራቻቸው "ኪሃ 40" ባቡሮች የተወሰኑት ምያንማር ገብተዋል። እንግሊዝ ውስጥ አንድ የፔሰር ፉርጎ ለሆስፒታል፣ ሌላው ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሰጥቷል።

ሌሎቹ በበጎ ፈቃደኞች የሚተዳደሩ አጫጭር መስመሮች ላይ ይሠራሉ። እዚያ ጎብኚ የሚስበው በዋናነት የእንፋሎት ባቡሩ ነው። እንፋሎቱን ለማስነሳት ግን እሳቱን ለሰዓታት መቆስቆስ ይጠይቃል፣ ሰውም ይፈጃል። ናፍጣው ባትሪው ደህና ከሆነ በደቂቃዎች ይነሳል። ጎብኚ በማይበዛበት ቀን የሚሰማራው እሱ ነው።