በአንድ መንጃ ፈቃድ ድንበር መሻገር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጀርመን ውስጥ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው በዚያው ካርድ ኦስትሪያም፣ ቼክም፣ ስዊዘርላንድም ይነዳል። ካርዱ ስላገለገለ ሕጉም ያው የሚመስለው ብዙ ነው። የፍጥነት ወሰኑ፣ ክፍያውና ቅጣቱ ግን የየአገሩ ነው።

«አውቶባን ላይ እንደ ልብ ነው።»
አውቶባን (አውራ ጎዳና) ያለ ፍጥነት ወሰን የሚነዳበት ጀርመን ውስጥ ብቻ ነው፣ ያውም በከፊል። ወሰን በሌለበት መንገድም የሚመከረው በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ሲበር አደጋ የደረሰበት ሰው፣ ጥፋቱ የሌላው ቢሆን እንኳ ከጉዳቱ ድርሻ ሊጣልበት ይችላል። ኦስትሪያ 130፣ ስዊዘርላንድ 120 ነው፤ ፈረንሳይም 130 ሆኖ ዝናብ ሲጥል ወደ 110 ይወርዳል።

«ቪኜት ከገዛሁ ጣሊያን ድረስ ተከፍሏል።»
ቪኜት በአውራ ጎዳና ለተወሰነ ጊዜ ለመንዳት የሚገዛ የክፍያ ማረጋገጫ ነው። ከሙኒክ ወደ ጣሊያን የሚወርዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው። የኦስትሪያን ድንበር አልፎ እስከ ኩፍሽታይን ደቡብ መውጫ ድረስ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ቪኜት አይጠየቅም። ከዚያ እስከ ኢንስብሩክ ግን ያስፈልጋል። ከኢንስብሩክ በጣሊያን ድንበር ወዳለው የብሬነር ተራራ መተላለፊያ የሚወጣው ኤ13 አውራ ጎዳና ደግሞ በቪኜቱ አይሸፈንም፤ ለብቻው ይከፈልበታል። ብሬነርን ሲያልፉ ጣሊያን በተነዳው ርቀት ልክ ታስከፍላለች። በስዊዘርላንድ በኩል ልዙር ያለም አያመልጥም፦ እዚያ የአጭር ቀን ቪኜት ስለሌለ፣ በአውራ ጎዳናው ለአንድ ከሰዓት የሚያልፍም የዓመቱን 40 ፍራንክ ይከፍላል። ለእኔ ይህ የእንግዳ ግብር ነው፤ ሕግ ነውና ይከፈላል።

«አንድ ቢራ ምንም አይል።»
በጀርመንና በኦስትሪያ ለተራ ነጂ ወሰኑ በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም አልኮል ነው። የቢራ አገር የምትባለው ቼክ ግን ዜሮ ናት። ጀርመን፣ ድሬስደን ላይ በሰላም የሚታለፍ አንድ ብርጭቆ ፕራግ ላይ ያስቀጣል።

«የክረምት ጎማ ቀን አለው።»
ጀርመን ውስጥ ቀን የለውም፤ በረዶ ካለ ግዴታ ነው። ኦስትሪያ ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ፣ መንገዱ በረዶ ሲይዝ ትጠይቃለች።

«የውጭ ቅጣት ቤቴ ድረስ አይመጣም።»
ይመጣል። ጀርመን ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚላክን ከ70 ዩሮ ጀምሮ ያለ ቅጣት ከነዋሪዋ ታስከፍላለች፤ ለኦስትሪያ ሲሆን መነሻው 25 ዩሮ ነው። ስዊዘርላንድ የኅብረቱ አባል ባትሆንም ከሜይ 2024 ጀምሮ በስምምነት ተካታለች። የሚያጽናናው ነገር፣ በውጭ አገር ለተፈጸመ ጥፋት ፍሌንስቡርግ ባለው የጀርመን የነጂዎች ጥፋት መዝገብ ላይ ነጥብ አይመዘገብም።