አልነሳ ያለች መኪና፦ ድሬ ላይ የሚባለውና እውነታው

ግንቦት ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ቤቴ በር ላይ መኪናዬ አልነሳ አለች። ቁልፉን ሳዞር «ቃ» ትልና ዝም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አምስት መካኒክ ከበበኝ፤ አንዳቸውም መካኒክ አልነበሩም። «አቦ፣ ባትሪህ ሞቷል!» አለ አንዱ። «ሞተሪኖ ነው» አለ ሌላው፤ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረውን ማለቱ ነው። ሦስተኛው ኮፈኑን ከፍቶ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ሊፈታ ነበር። እኔም ሰምቼ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። አዲሱም «ቃ» አለ። ጉዱ ሌላ ቦታ ነበር፦ ከባትሪው ወደ ቦዲው የሚሄደው የኔጌቲቭ ገመድ ጫፉ ዝጓል። ተፈትቶ፣ ተፍቆ፣ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ባንዴ ተነሳች። ያን ቀን የሰማሁትንና ከዚያ ወዲህ የምሰማውን ሁሉ አንድ በአንድ ላንሳው።

«መብራቱ ከበራ ባትሪው ደህና ነው»

አይደለም። አንድ የፊት መብራት አምፖል የሚፈልገው 5 አምፒር ገደማ ነው። ሞተሪኖው ግን ትንሽ የቤንዚን መኪና ላይ እንኳ ከ100 አምፒር በላይ ይስባል። ለቡና የሚበቃ ውሃ ልብስ አያጥብም።

ይልቅ መብራቱን አብርታችሁ ቁልፉን አዙሩና እዩ፣ ስሙም። መብራቱ ድርግም ሊል ከደረሰና «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ፈጣን ድምፅ ካለ፣ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ገመዱ ላልቷል። መብራቱ ሳይደበዝዝ አንዴ ብቻ «ቃ» ካለ፣ ሞተሪኖውን ወይም ወደሱ የሚሄደውን መስመር ጠርጥሩ። ምንም ድምፅ ከሌለና መኪናዋ አውቶማቲክ ከሆነች፣ ማርሹ ፓርክ ወይም ኒውትራል ላይ መሆኑን እዩ። አትሳቁ፤ በዚህ ምክንያት ጋራዥ የተጠራበትን ቀን አውቃለሁ።

መለኪያ ያለው ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ክርክሩ ያልቃል። መኪናዋ ጥቂት ሰዓት ቆማ ስትለካ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ግማሽ ነው። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

«ባትሪ የሚገድለው ብርድ ነው፤ ድሬ ላይ ምን ያገኘዋል?»

ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። ባትሪን የሚገድለው ሙቀት ነው። ሙቀት ውስጡ ያለውን ውሃ ያተናል፣ ሊዱንም (የእርሳስ ሳህኖቹን) ቶሎ ያስበላዋል። ባለሙያዎች በልምድ እንደሚሉት፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያጥራል። ከዚራ ዛፍ ሥር የምትቆም መኪናና ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የምትውል መኪና አንድ ዓይነት ባትሪ ቢገጠምላቸው እኩል አያረጁም።

ታዲያ ብርድ ለምን ስሙ ጠፋ? ብርድ የሞተውን ስለሚያጋልጥ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር 1,900 ገደማ። ድሬ ላይ ሞተሩም ዘይቱም ሞቆ ስለሚያድር የደከመ ባትሪም እንደ ምንም ያስነሳል። ታኅሣሥ ላይ ለሠርግ ሐረር ወጥታችሁ ስታድሩ ነው ነገሩ የሚወጣው። ጠዋት ዘይቱ ወፍሯል፣ ባትሪውም ጉልበቱ ቀንሷል። «የሐረር ብርድ ባትሪዬን በላው» ይባላል። የበላችውስ ድሬ ናት።

«ባትሪው ሲደክም አሲድ ይጨመርበት»

የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም። አሲድ ስትጨምሩ ውስጡ ከልክ በላይ ይከርና ባትሪውን ይጨርሰዋል። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፣ ሊዱን እስኪሸፍን። የቧንቧ ውሃም አይሆንም። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አይታችሁ የለ? እሱን ባትሪ ውስጥ ማን ያስገባል?

«ዲናሞው መሥራቱን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ንቀል»

ዲናሞ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ነው። ምክሩ ግን ከድሮ መኪና ዘመን የቀረ ነገር ነው። ዛሬ ኮምፒውተር ባለው መኪና ላይ ይህን ስታደርጉ ቮልቱ ባንዴ ይዘልና የኮምፒውተሩን ቦርድ ሊያቃጥል ይችላል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ለኩ፤ ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ ከሆነ ባብዛኛው ዲናሞው ደህና ነው።

«ሁሉም በግፊ ይነሳል»

ማንዋሉ አዎ። አውቶማቲኩን ግን ከደቻቱ እስከ መጋላ ብትገፉት አይነሳም። ሞተሩ ካልዞረ የማርሹ የዘይት ፖምፓ አይሠራም፣ ስለዚህ ጎማው ሞተሩን ሊያዞረው አይችልም። ልጆቹን አታድክሙ።

«ዞራ ካልተነሳች ባትሪ ቀይር»

ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልያዘ ባትሪው ሥራውን ሠርቷል። ወይ ቤንዚን አልደረሰም ወይ ካንዴላው እሳት አልሰጠም። ቁልፉን አብሩና ዝም ብላችሁ አዳምጡ፦ ብዙዎቹ ኢንጄክሽን መኪናዎች ላይ የቤንዚን ፖምፓው ሁለት ሰከንድ ያህል «ዝዝዝ» ይላል። ካላለ ፊውዙን ፈትሹ። ቁልፉን ይዛችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ አታሽከርክሩ፤ አሥር ሰከንድ ይበቃል፣ ከዚያ ሞተሪኖው ይረፍ።

የድሮ ካርቦራቶር መኪናዎች ሌላ አመል አላቸው። ሐረር የምትታወቅበትን ፔጆ 404 ታክሲ አስቡ። በቀትር ከድሬ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ወጥታ ሻይ ለመጠጣት ትቆማለች፣ ከዚያ አልነሳም ትላለች። ቤንዚኑ አላለቀም። መስመሩ ውስጥ ፈልቶ እንፋሎት ሆኗል፣ ፖምፓው ደግሞ እንፋሎት መግፋት አይችልም። የቆዩ ሾፌሮች ኮፈኑን ከፍተው ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል ያደርጋሉ። ሁለተኛዋ ሻይ ሳታልቅ ትነሳለች።