«ቢላ ከነካው ይሰራጫል» እና ሌሎች የካንሰር ወሬዎች

ቱሉ ዲምቱም ሆነ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ቡና ላይ የካንሰር ነገር ከተነሳ አንዱ «ቢላ ከነካው አለቀለት» ማለቱ አይቀርም። ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይሄ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

«መርፌና ቢላ ካንሰሩን ይበትነዋል»

ወሬው ከባዶ ሜዳ አልተነሳም። አንዲት ሴት ጡቷ ላይ እብጠት ታገኛለች፣ ትደብቃለች፣ ጠበል ትሞክራለች፣ ዓመት ያልፋል። ቆዳው ሲቆስል ሆስፒታል ትሄዳለች፣ ከእብጠቱ ላይ ለምርመራ በመርፌ ናሙና ይወሰድላታል፣ ብዙም ሳትቆይ ታርፋለች። ለቀስተኛው የሚያስታውሰው መርፌውን ነው። በሽታው ግን ማንም ሳይነካው ከዕጢው እየተላቀቀ በሊምፍ ቱቦ (በሰውነት ውስጥ ፈሳሽ በሚያጓጉዝ ቀጭን ቱቦ) እና በደም ሥር ሲጓዝ ከርሟል።

መንገድ ላይ አብዛኛው የካንሰር ሴል ይሞታል። እንግሊዛዊው ሐኪም ስቲቨን ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1889 በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን መዝገብ አገላብጦ፣ የካንሰር ሴል እንደ ዘር በየአቅጣጫው ቢበተንም የሚበቅለው የሚስማማው አፈር ላይ ሲወድቅ ብቻ ነው ሲል ጻፈ። የጡት ካንሰር አጥንት፣ ሳንባ፣ ጉበትና አንጎል የሚያዘወትረው ለዚህ ነው።

መርፌ ባለፈበት ሴል የሚቀርበት አጋጣሚ ፈጽሞ የለም አልልም፤ በጉበት ዕጢ ላይ አልፎ አልፎ ይታያል፣ ሐኪሞችም መንገዱን አስቀድመው ይመርጣሉ። ያለ ናሙና ግን የካንሰሩ ዓይነትም ሆነ የሚሠራለት መድኃኒት በትክክል አይታወቅም።

«ካላመመኝ ካንሰር አይደለም»

የጡት ካንሰር እብጠት መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ብብት ውስጥ የሚወጣ ጠጣር ንፍፊትም እንደዚያው። ቢያም ኖሮ ማን ዓመት ይቀመጥ ነበር?

«አሁን ደግሞ የሳንባ ካንሰር ያዛት»

ከጡት ተነስቶ ሳንባ የገባ ያው የጡት ካንሰር ነው፤ የሚታከመውም እንደ ጡት ካንሰር ነው።

«ደም ተመርምሬ ነጻ ነኝ ተብያለሁ»

ተራው የደም ምርመራ ጡት ላይ ያለን ዕጢ አያሳይም። ከዕጢ ወደ ደም የሚገባውን ዲኤንኤ ፈልጎ ካንሰርን ቀድሞ ለመያዝ ምርምር እየተካሄደ ነው፤ ያ ሌላ ምርመራ ነው፣ ናሙናንም አልተካም።

«የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ የከተማ ትልቅ ሆስፒታል ካልሄዱ አይገኝም»

በብዙ ጤና ጣቢያዎች ይሰጣል፤ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይመከራል። ነርሷ አሴቲክ አሲድ በጥጥ ነክራ የማህፀን በሩን ትቀባለች። አቼቶን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ነው (ቤት ውስጥ ግን እንዳትሞክሩት!)። አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቃ በመብራት ታያለች። ነጭ ሆኖ የሚወጣ ቦታ ካለ፣ ገና ካንሰር ያልሆነ ነገር ግን ወደዚያ ሊያመራ የሚችል ለውጥ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል። መንስኤው ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ነው። በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ስለሆነ «የባለጌ በሽታ» ብለው የሚያሙ አሉ፤ ቫይረሱ ግን ትዳር ያለውንም የሌለውንም አብዛኛውን ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል፣ ብዙውን ጊዜም በራሱ ይጠፋል። ለምርመራው የወር አበባ ላይ ያልሆኑበትን ቀን ይምረጡ።