የቃላት ደመና በጣና ዳር

የቃላት ደመና በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ያሉትን ቃላት እንደ ድግግሞሻቸው አግዝፎና አሳንሶ በአንድ ሥዕል የሚያሳይ ዘዴ ነው። ሐሳቡ ከኢንተርኔት ይቀድማል፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በታተመው የሥነ ልቦና ተመራማሪው የስታንሊ ሚልግራም የፓሪስ ካርታ ላይ የየቦታው ስም መጠን የሚወሰነው ቦታውን በጠቀሱት ነዋሪዎች ብዛት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ጆናታን ፋይንበርግ ያወጣው ዎርድል የተባለ ፕሮግራም ዘዴውን ለማንኛውም ሰው አደረሰው።

ባሕር ዳር ላይ ጥቅሙ ጎልቶ ሊታይ የሚችለው ስለ ጣና በሚሰበሰብ አስተያየት ነው። ዓሣ አስጋሪው፣ ባለ ታንኳው፣ የሐይቁ ዳር ገበሬና የሆቴል ሠራተኛው «ምን ያሳስብዎታል?» ተብለው የሰጡት መልስ ብዙ ገጽ ሲሆን ሁሉንም የሚያነብ አይገኝም። ደመናው ግን ስብሰባ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሲበራ «አረም»፣ «መረብ»፣ «ደለል» ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባሉ፤ ሠንጠረዥ የሚሰለቸውም ሰው ቆም ብሎ ያያል።

ችግሩ አማርኛው ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል የሌለው ፎንት ከተመረጠ የሚወጣው ባዶ ሣጥን ብቻ ነው፤ ይህ ግን ቀላሉ ነው። ፕሮግራሙ «ጣና»፣ «የጣና»፣ «በጣና» እና «ጣናን» አራት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ይቆጥራል። ሐይቁን የወረረው አረም ራሱ አንዱ «እንቦጭ» ሌላው «እምቦጭ» ብሎ ስለሚጽፈው ለሁለት ተከፍሎ ያንሳል። «ሐይቅ» እና «ሀይቅ»ም እንዲሁ። የከተማዋ ስም ደግሞ «ባሕር» አንድ ጥግ፣ «ዳር» ሌላ ጥግ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ከቆጠራው በፊት ሞክሼ ፊደላትን አንድ ማድረግ፣ መስተዋድዱን ከስሙ መለየት፣ «ነው»ን፣ «እና»ን፣ «ግን»ን የመሳሰሉትን ማውጣት ግድ ነው።

ግሥ ላይ ግን እጅን መሰብሰብ ይሻላል። «አልቀነሰም» ቅጥያው ሲገፈፍ «ቀነሰ» ይሆናል፤ አረሙ አልቀነሰም ያለው ገበሬ ቀነሰ እንዳለ ተደርጎ ይቆጠራል። በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይህ ነው፤ ሥዕሉ ላይ ምንም ምልክት አይተውምና።

ቀለሙ አብዛኛውን ጊዜ ጌጥ ነው። ሁለት ፊደል ያለው «ዓሣ» እኩል ቢደጋገምም ከ«አስጋሪዎች» ያነሰ ይመስላል። የሁለት ወረዳዎችን መልስ ለማነጻጸር የፈለገ ሰው ደመናውን ትቶ የአሞሌ ግራፍ ቢሠራ ይሻለዋል።